በአንድ ቀን ከግላስጎ እስከ ግሌንኮ፦ ስካይ ደሴትን ለሌላ ጊዜ ተዉት

እማዋይሽ (ሊድስ)፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። በጋ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ «ዘመድ ጥየቃ ግላስጎ ልሄድ ነው፤ አንድ ትርፍ ቀን አለኝ፤ ገጠሩን ማየት እፈልጋለሁና የት ይሻለኛል?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ያለው «ስካይ ደሴት» ነው። እኔም ይህን ሰምቼ አምና ሞከርኩት። ከግላስጎ እስከ ፖርትሪ፣ የደሴቲቱ ትልቋ ከተማ ማለት ነው፣ 345 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሐይቅና ተራራ እየታከከ የሚጠማዘዝ ስለሆነ ለመሄድ አምስት ሰዓት፣ ለመመለስ አምስት ሰዓት ፈጀብን። ፎቶ ይዤ ተመለስኩ፤ አገሩን ግን አላየሁትም። ዘንድሮ በሌላ ዓይነት አካሄድ ሄጄ ልቤ ሞልቶ ስለተመለስኩ፣ ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዲጠቅም ልጻፈው።

አብራኝ የነበረችው አብሮ አደጌ ናት። ደብረ ብርሃን አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ እሷ ግላስጎ ነርስ ሆና 11 ዓመቷ ነው። ሰኔ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ፔርሙዟን በሻይ ሞልታ፣ ቆሎና ዳቦ ጠቅልላ ወጣች። «ዛሬ ሦስት ቦታ ብቻ ነው የምንቆመው፤ ስንቆም ግን በደንብ ነው የምንቆመው» አለችኝ።

የመጀመሪያው ሎክ ሎሞንድ ነው። ከከተማው አንድ ሰዓት አይሞላም። ሎክ በጌሊክ ቋንቋቸው ሐይቅ ማለት ነው። 71 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጣናን ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው፣ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ምድር ግን በስፋት የሚበልጠው የለም። ላስ የምትባል ጽዱ መንደር ዳር ቆመን ሻይ ጠጣን። ውሃው እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። ጥሩ ነው፣ ያምራል፤ ሰዉም ስለሚበዛ ቶሎ ተነሳን።

ሁለተኛው ራኖክ ሙር ነው፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠብኝ። መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ድንገት ዓይን እስኪያቅተው ሜዳ ይሆናል። 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ረግረግ ነው፤ ቤት የለም፣ እርሻ የለም፣ ዛፉም እዚህና እዚያ ነው። መሬቱ ፒት ይባላል። ዕፅዋቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ በደንብ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ሲደራረብ ኖሮ ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ሆኗል። ድሮ እየቆረጡ አድርቀው፣ እኛ ኩበት እንደምናነደው ያነዱት ነበር። ከመኪና ወርደን ጥቂት እንደተራመድን ከሣሩ መሃል ነጭ ነጭ ነገር ሲወዛወዝ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ስነካው ጥጥ ነው የሚመስለው፤ በቀጭን አገዳ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ለስላሳ ነጭ ጭራ። አብሮ አደጌ አንዷን ቆርጣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «ባዘቶ አይመስልም?» አለችኝ። እናቷ ፈታይ ነበሩ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን።

ወደ መኪናው ስንመለስ አቋራጭ ልውሰድ ብዬ አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ደረቅ መሬት ነበር የሚመስለው። እሷ ብብቴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ አደራ፣ ከተረገጠው መንገድ አትውጡ።

ሦስተኛው ግሌንኮ ነው። ግሌን ሸለቆ ማለት ነው። ሦስቱ እህትማማቾች የሚሏቸው ተራሮች በግራ በኩል እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ ከአናታቸው ጭጋግ ይወርዳል፤ በየስንጥቁ ውሃ ይንጠባጠባል። መሬቱ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ፈንድቶ ወደ ውስጥ የተደረመሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከዚያ በረዶ ጠርቦ ሸለቆ አደረገው። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

መንደሩ ውስጥ አንድ የድንጋይ መስቀል አለ። እሱ ሥር ተቀምጠን ነው ታሪኩን የነገረችኝ። በኦገስት 1691 የሃይላንድ፣ ማለትም የተራራማው ስኮትላንድ፣ የጎሳ አለቆች ሁሉ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1692 ድረስ ለንጉሥ ዊልያም ታማኝነታቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ታዘዙ። የግሌንኮው የማክዶናልዶች አለቃ ማክኢያን ዲሴምበር 31 ቀን ፎርት ዊልያም ደረሰ፤ እዚያ ያለው መኮንን ግን «መሐላ የመቀበል ሥልጣን የለኝም፣ ወደ ኢንቨሬሪ ሂድ» ብሎ ላከው። በበረዶ መሃል ተጉዞ ጃንዋሪ 6 ቀን ማለ። አምስት ቀን አለፈ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ 120 ያህል ወታደሮች መጥተው «እንግዳ ነን፣ አሳድሩን» አሉ። አሳደሯቸው። አሥራ ሁለት ቀን ያህል እሳታቸውን ሞቁ፣ ምግባቸውን በሉ፣ አብረው ካርታ ተጫወቱ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን ገና ሳይነጋ ያሳደሯቸውን ሰዎች ገደሉ። 38 ሰው ያህል ተገደለ፤ ወደ ተራራው የሸሹት ሴቶችና ሕፃናትም ብዙዎቹ በብርዱ አለቁ። አለቃው ከአልጋው እየተነሳ፣ ለመጡበት ሰዎች መጠጥ እንዲቀርብላቸው እያዘዘ ሳለ ነው በጥይት የተመታው ይባላል።

በስኮትላንድ ሕግ ይህ ዓይነቱ ግድያ የራሱ ስም ነበረው፤ የታመነ ሰው የፈጸመው ግድያ ተብሎ ከሌላው ግድያ የከፋ ሆኖ ይቆጠር ነበር። አብሮ አደጌ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተቀየረ። «የእግዜር እንግዳ ብሎ ያስገባ ሰው» አለች፤ አልጨረሰችውም። እኛ ቤት ማታ በሩን ያንኳኳ ሰው «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ካለ አባቴ የመጣበትን እንኳ ሳይጠይቁ እግሩን እንዲያጥብ ነበር የሚያዙን። እዚያ መስቀል ሥር ሆኜ አባቴን አሰብኩ።

ከዚያ በጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ በድሮው አሠራር መልሰው የሠሩትን ቤት አየን። ውስጡ በእንጨት እንደ ቅርጫት የተጠለፈ ነው፤ ውጭው በሣር ከነአፈሩ እየተቆረጠ እንደ ጡብ የተካበ ነው፤ ጣሪያው ሄዘር በሚሉት ቁጥቋጦ የተከደነ ነው። እሳቱ ቤቱ መሃል መሬት ላይ ይነዳል፤ ጭስ ማውጫ የለውም። ሄዘሩን በጣቴ ነካሁት። የእኛ አስታ ዘመድ ነው፤ ሽታው ሳይቀር ከመንዝ መጣ።

ከግሌንኮ ወዲያ ወዳለው ፎርት ዊልያም አልሄድንም። ግሌንፊናን አልሄድንም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ግላስጎ ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ በሰኔ 4 ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው። ሰው የሌለበት፣ ማንም ያልነካው ምድር ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

—

ዳኜ_ግላስጎ፦

እህቴ በጣም ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ለሚነዱ ሰዎች ጥቂት ልጨምር። ዋናው መንገድ ኤ82 ነው፤ ሁለት መኪና ያሳልፋል። ወደ ጎን ከታጠፋችሁ ግን፣ ለምሳሌ ወደ ግሌን ኢቲቭ፣ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ይሆናል፤ በየተወሰነ ርቀት ማሳለፊያ ቦታ አለው። ማሳለፊያው በግራችሁ ከሆነ ገብታችሁ ቁሙ። በቀኛችሁ ከሆነ ግን ወደዚያ አትሻገሩ፤ ትይዩ ላይ በግራችሁ ቁሙና የሚመጣው ሰውዬ ይግባበት። ከኋላችሁ የቸኮለ ካለም አሳልፉት፤ እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ሥራ ነው የሚሄዱት። ማሳለፊያው ላይ መኪና አቁሞ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው፣ ያስቆጣቸዋል።

የሦስቱ እህትማማቾች መኪና ማቆሚያ በበጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይሞላል። ስትመለሱ ሲመሽ አጋዘን መንገድ ላይ ይወጣል፤ ፍጥነት ቀንሱ።

—

የደባርቅ ልጅ፦

እማዋይሽ፣ ጽሑፍሽ ደስ ይላል። ግን እውነቱን ልናገር፤ የሰሜን ተራሮችን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የነሱ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። አዲስ አበባ እኮ 2,300 ሜትር ላይ ናት! ፒያሳ ቆሞ ቡና የሚጠጣ ሰው ከነሱ ተራራ አናት በላይ ነው ያለው። ይህን ለማየት ገንዘብ ማውጣት ይገባል?

—

እማዋይሽ፦

ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ እኔም ከመሄዴ በፊት እንዲሁ አስቤ ነበር። ግን ቦታው ላይ ስትቆም ቁጥሩ አይሠራም። እነዚያ ተራሮች የሚነሱት ከባሕር ጠለል ነው። ግሌንኮ መንደር የባሕሩ ውሃ ከሚገባበት ሰርጥ ዳር ነው ያለው። ከእግርህ ሥር ጀምሮ አንድ ሺህ ሜትር ቀጥ ብሎ ሲወጣ ታየዋለህ። ሰሜን ላይ እኛ የምንቆመው ከላይ ነው፤ ገደሉን ወደ ታች ነው የምናየው። እዚያ ከታች ሆነህ ሽቅብ ነው የምታየው።

ሌላው፣ ቦታው ከምድር ወገብ በጣም ርቆ ወደ ሰሜን ስለሆነ ዛፉ ቶሎ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ባሕር ዛፍ ይበቅላል፤ እዚያ በ1,000 ሜትር ድንጋይና አጭር ሣር ብቻ ነው ያለው። ከጣርማበር በላይ ያለውን ብርዳም አገር የምታውቅ ከሆነ ያንን አስብ፤ ግን ባሕር ዳር ላይ አድርገው። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ሰሜንን የሚያስንቅ አገር ነው አላልኩም፤ እንደዚያ የሚል ሰው ካለ እኔም አልስማማም።

—

የደባርቅ ልጅ፦

ሽቅብ የሚለው ገብቶኛል። እሺ፣ በልጆቹ የዕረፍት ጊዜ እንሞክረዋለን። ለድንኳን ፈቃድ ያስፈልጋል?

—

ዳኜ_ግላስጎ፦

በ2003 የወጣ ሕግ አላቸው፤ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ የግል መሬት ላይም ቢሆን በእግሩ መሄድና ድንኳን ጥሎ ማደር ይችላል። ከእርሻ ማሳና ከሰው ግቢ መራቅ ነው፤ እሳትና ቆሻሻ አለመተው ነው። ሎክ ሎሞንድ ዳርቻ ላይ ግን በብዙ ቦታ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሰው በዝቶ ዳርቻው ስለተጎዳ ነው ይህን ያደረጉት። ፈቃዱ በኢንተርኔት ይገኛል።

—

ትርሲት፦

ስለ ትንኞቹ ማንም አልጻፈም! ሚጅ የሚሏቸው፣ የስንዴ ዱቄት የሚያህሉ ናቸው፣ በደመና ነው የሚመጡት። ባለፈው ሐምሌ ግሌንኮ ላይ ሕፃን ልጄን አሳብጠውብኝ አልቅሼ ነው የተመለስኩት።

—

እማዋይሽ፦

አይዞሽ እናቴ። እኛን ያዳነን ነፋሱ ነው። ሚጅ ነፋስ ባለበት አይበርም፤ ፀጥ ያለ፣ ደመናማ፣ እርጥብ ጠዋትና ማታ ነው የሚወጣው። ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ይኖራል። ለልጅ ፊት የሚሆን መረብ በየሱቁ ይሸጣል፤ ርካሽ ነው። ኤፕሪልና ሜይ መጀመሪያ ላይ መሄድ የሚችል ሰው ከትንኝም ከግርግርም ይድናል።

—

ሰብለ_ኤደንብራ፦

እኔ መኪና አልነዳም፤ እንደኔ ላላችሁ ደግሞ። ከግላስጎ ወደ ፎርት ዊልያም የሚሄደው የሲቲሊንክ አውቶቡስ በግሌንኮ ያልፋል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ወንበር አስቀድማችሁ ያዙ።

ባቡሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ከኩዊን ስትሪት ጣቢያ ተነስቶ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ግሌንኮን አይነካም፤ ራኖክ ሙርን ግን መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። ሐዲዱን በ1894 ሲጨርሱ ረግረጉ የተጣለበትን ሁሉ እየዋጠ አስቸግሯቸው ነበር። መጨረሻ ላይ የቅርንጫፍና የቁጥቋጦ እስር እያደረጉ፣ ከላዩ አፈርና አመድ እየደፉ፣ ሐዲዱን ረግረጉ ላይ አንሳፈፉት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። እማዋይሽ እግሯ የገባበት ቦታ ላይ ባቡር ይሄዳል ማለት ነው! ኮሩር የሚባል ጣቢያ አለ፤ 408 ሜትር ላይ ነው፣ በብሪታንያ ዋና የባቡር መስመር ከፍተኛው። ሕዝብ የሚጠቀምበት የመኪና መንገድ አይደርስበትም። ባቡሩ ጥሎን ሲሄድ ከጓደኛዬ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ የባቡሩ ድምፅ ከጠፋ በኋላ የሰማሁት የወፍ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

—

ማርታ ዘአበርዲን፦

እናንተ የሄዳችሁት በሰኔ ጾም ነው። ምን በላችሁ? ከቆሎና ዳቦ ሌላ ማለቴ ነው።

—

እማዋይሽ፦

ማርትዬ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሃጊስ የሚሉት የታወቀ ምግባቸው የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከሞራ ጋር ተደባልቆ፣ ድሮ በበጉ ጨጓራ ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል ነው። ዱለት የሚወድ ሰው አይደነግጥበትም። ለእኛ ግን ከባቄላ፣ ከምስርና ከአጃ የሚሠራ የጾም የሚሆን ሃጊስ አለ፤ ብዙ ምግብ ቤት ይገኛል። ቅቤ እንዳይነካው አስቀድሞ መንገር ነው፤ አብሮት የሚመጣውን የተፈጨ ድንች በቅቤ ነው የሚሠሩት። አስተናጋጇ በቅንነት ሄዳ ጠይቃልን፣ ድንቹን ለብቻው ቀቅላ አመጣችልን።

—

ኃይሌ_ኢንቨርነስ፦

እህቴ፣ ሁሉንም ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን አላሳልፍም። «ማንም ያልነካው ምድር» ብለሻል። ይህ ልክ አይደለም፤ ሁሉም ጎብኚ የሚለው ስለሆነም ያሳዝነኛል። እዚህ ሃይላንድ 14 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጌሊክ ተናጋሪ ቤተሰብ ነው የመጡት። ባዶ የምታዩት ሸለቆ ብዙው ሰው ነበረበት።

ያመፁት የሃይላንድ ጎሳዎች በ1746 ኩሎደን በተባለ ቦታ በጦርነት ከተሸነፉ በኋላ መንግሥት የጎሳ አለቆችን ሥልጣን ሰበረ፤ ልብሳቸውን ሳይቀር እስከ 1782 ከለከለ። ያ ልብስ ደግሞ የዛሬው አጭር ቀሚስ ብቻ አልነበረም፤ ቀን በቀበቶ ታስሮ የሚለበስ፣ ማታ የሚደረብ አንድ ትልቅ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ጋቢና በርኖስ አንድ ላይ በሉት። አለቆቹ ከሕዝባቸው ጋር የነበራቸው ትስስር ሲላላ መሬቱ የሚለካው በኪራይ ሆነ፤ በግም ከሰው የበለጠ ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ ገበሬውን አስነስተው በግ አስገቡ። ስትራትኔቨር የሚባለው ሸለቆ ውስጥ በ1814 እና በ1819 ሰዉ እንዳይመለስ የቤቱን ጣሪያ አቃጠሉበት። አንዳንዱ ድንጋያማ ባሕር ዳር ሰፈረ፣ አንዳንዱ ካናዳ ገባ። ለቀሩት ትንንሽ ገበሬዎች ከመሬታቸው ያለመነቀል መብት የሰጠ ሕግ የወጣው በ1886 ነው። ዛሬም በእግራችሁ ስትሄዱ ሣሩ ውስጥ አራት ማዕዘን የድንጋይ ክምር ካያችሁ ቤት ነበር። በዙሪያው ሣሩ ከሌላው የበለጠ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰው የኖረበት፣ ከብት ያደረበት መሬት ስለሆነ ነው።

—

እማዋይሽ፦

ኃይሌ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ ነህ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር መልሼዋለሁ፤ ጽሑፉን ግን አላጠፋውም፣ ሰው እርማትህን አብሮ እንዲያነበው። ለአብሮ አደጌ ደውዬ አነበብኩላት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ራኖክ ሙር ላይ፣ ሎክ ባ አጠገብ ያየነውን ታስታውሺያለሽ?» አለችኝ። ድንጋይ የተደረደረበት ጉብታ ነበር፤ እኔ ተቀምጬበት ዳቦ በላሁ። ምን እንደነበር ሁለታችንም አናውቅም፤ በረት ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆንም ይችላል። ዳግም ስሄድ ግን እንደዚያ አልቀመጥበትም።

የበጉ ነገር በተለይ ነክቶኛል። እኛ በግ አርቢ አገር ነው ያደግነው፤ በግ ለእኔ የቤት ሀብት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። በግ ሰው የሚነቅልበት አገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

—

ቶማስ_ለንደን፦

ስለ ግሌንኮ እልቂት፣ ካምቤል የሚባሉት ጎሳዎች ናቸው ያደረጉት አይደል? አሁንም ድረስ የማይዋደዱት ለዚህ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

—

ኃይሌ_ኢንቨርነስ፦

መሪው ካፒቴን ሮበርት ካምቤል ነበር፤ ስሙ ለዚያ ነው የቀረው። ግን የመንግሥት ሠራዊት ነው የገደለው፤ ትእዛዙም ከላይ ነው የመጣው። ትእዛዙን ንጉሥ ዊልያም ፈርሟል፤ ነገሩን ያቀነባበረው የስኮትላንድ ጉዳይ ጸሐፊው ጆን ዳልሪምፕል ነው። ከ70 ዓመት በታች ያለ ሁሉ እንዲገደል ነበር የተጻፈው። በ1695 ምርመራ ተደርጎ ግድያ ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ለፍርድ የቀረበ ግን አንድም ሰው የለም። የጎሳ ጠብ ነው ብሎ ማለፍ ለመንግሥቱ ይመቸዋል፤ እኛ እንደዚያ ብለን አንንገረው። እዚያው ከወታደሮቹ መሃል ለባለቤቶቹ ፍንጭ ሰጥተው ያስመለጡ እንደነበሩም ይነገራል።

—

ጋሽ ዘውዴ፦

ልጆቼ፣ ሳነባችሁ አመሸሁ። ስለ እንግዳ ስታነሱ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ልጨምር። ከግላስጎ ወደ ስተርሊንግ ስትሄዱ ላርበርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የቆየችው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከብረት የተሠራ ሐውልት ቆሟል። እዚያ የተቀበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው፤ በዘመኑ በነበሩት በእነ እቴጌ ምንትዋብና በራስ ሚካኤል ስሑል ፊት የቆመው ሰው።

በ1730 እዚያው አጠገብ ኪኔርድ ተወለደ። በ1770 ጎንደር ገባ። ቁስቋም በእቴጌይቱ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አክሟል፤ በዚያም ተወደደ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ወደ አገሩ ሲመለስ ከያዛቸው መጻሕፍት መሃል የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂ በግዕዝ ነበር። ሙሉው ሄኖክ በአውሮፓ ጠፍቶ ነበር፤ የተጠበቀው በእኛ ሊቃውንት እጅ ነው። አንዱን ለፓሪስ ንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። ስለ ኢትዮጵያ ሲያወራ ግን ለንደን ብዙው ሰው አላመነውም፤ ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱ ሳይቀር እንደ ውሸት ተቆጠረበት። መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ አምስት ጥራዝ።

አሟሟቱን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። በ1794 ቤቱ እንግዶች ነበሩት። አንዲት እንግዳ ልትሄድ ስትል እስከ ሠረገላዋ ሊሸኛት ሲጣደፍ ደረጃው ላይ ወደቀ፤ በዚያው ሞተ። የአባይን በረሃና የኑቢያን አሸዋ ያለፈ ሰው፣ እንግዳ ሲሸኝ ሞተ። እማዋይሽ፣ ግሌንኮን አይተሽ ስትመለሺ እዚያም ጎራ በይ።

—

የደባርቅ ልጅ፦

ጋሼ፣ ያከብሩኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ግሽ ዓባይን ከአውሮፓ ሰው መጀመሪያ ያየው ብሩስ አይደለም፤ የካቶሊክ ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበታል። ሰከላ ያለው ገበሬ ደግሞ ከሁሉም በፊት ያውቀዋል፤ ጠበሉ ነው።

—

ጋሽ ዘውዴ፦

ልጄ፣ ልክ ብለሃል። እኔም የመጀመሪያው ነው አላልኩም፤ እሱ ግን እንደዚያ ይል ነበር። የፓኤዝን ነገር መቀበል አልፈለገም። ይህም መጻፉ ተገቢ ነው።

—

ሰብለ_ኤደንብራ፦

ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር! ላርበርት እኮ የባቡር ጣቢያ አላት፤ ከኤደንብራም ከግላስጎም በቀጥታ ይደረሳል። በነገራችን ላይ እዚህ ኤደንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘው የመቅደላ ታቦት በ2002 ወደ አገሩ መመለሱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የእኛና የዚህ አገር ነገር የምናስበውን ያህል የራቀ አይደለም።

እማዋይሽ፣ መቼ ነው የምትመለሺው? አብረን ላርበርት እንሂድ።

—

እማዋይሽ፦

አብሮ አደጌን ጠይቄያት «ከሥራ ፈቃድ የማገኘው ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ የሐምሌ ሁለተኛ ቅዳሜ ነው» ብላለች። ጠዋት ላርበርት፣ ከዚያ ስተርሊንግና ካላንደርን አልፈን ባልኩዊደር የምትባል መንደር አጠገብ ሐይቅ ዳር እንውላለን፤ ሁለት ማቆሚያ ብቻ። መኪናዋ አምስት ሰው ትይዛለች። ሰብልዬ አንቺ አለሽ። ጋሽ ዘውዴ፣ እርስዎ ግላስጎ ካሉ ከቤትዎ እንወስድዎታለን፤ የፊተኛው ወንበር የእርስዎ ነው።

—

ጋሽ ዘውዴ፦

ፔዝሊ ነው የምኖረው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ። ዳቦ እኔ ነኝ የማመጣው፤ ባለቤቴ ትጋግራለች።

—

ኃይሌ_ኢንቨርነስ፦

ባልኩዊደር ስትደርሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለውን አቀበት ወጥታችሁ ሐይቁን ከላይ እዩት። ዝናብ ልብስ እንዳትረሱ።